«ሕዝቡ እስኪያውቅ ድረስ»፤ ስለ መራጭነትና ስለ ዕውቀት የቀረበ ሒስ

ምርጫ በተቃረበ ቍጥር በተማሪዎች መካከል ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰነዘር ይሰማል። አንደኛው ወገን «ያወቀም ያላወቀም ካርዱን ይውሰድ፤ መራጩ በበዛ መጠን መንግሥቱ የሕዝብ ይሆናል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ስለ ተወዳዳሪዎቹ አንዳች የማያውቀውን ሰው ቀስቅሶ ወደ ምርጫ ጣቢያ መውሰድ፣ መንዳት ላልተማረ ሰው የመኪና መሪ ማስጨበጥ ነው፤ ያላወቀ ቢቀር ለራሱም ለአገሩም ይሻላል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ለአገር አስበው እንደሚናገሩ አንጠራጠርም። ነገር ግን ሁለቱም በአንድነት የሚዘነጉት ነገር ያለ ስለ መሰለን ይህን አጭር ሒስ ለማቅረብ ተነሣን።

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሐሳቡን በሁለት ሚዛን እንመዝነዋለን። አንደኛው ሚዛን የአገራችን የምርጫ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ሚዛን አዲስ አበባን ከበው የሚገኙት ከተሞች፣ ማለት ዱከም፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከ2006 ዓ. ም. ወዲህ ያሳዩን ነገር ነው። በእነዚህ ከተሞች ገበሬው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ እንዲሁም ቀን አዲስ አበባ ውሎ ለአዳር ብቻ የሚመለሰው የቢሮ ሠራተኛ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስለዚህ «ዐዋቂ» የሚባለውና «ያላወቀ» የሚባለው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ዘመኑን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የውጭ አገር ታሪክ ሲሆን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን እናመለክታለን።

አስቀድመን «ያላወቀ» የሚለውን ቃል መለየት ይገባናል። በዚህ ቃል ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይጠራሉ። አንደኛው ፊደል ያልቈጠረ ሰው ነው። ሁለተኛው ማን እንደሚወዳደርና ተመራጩ ምን ሥልጣን እንደሚያገኝ ያልሰማ ሰው ነው። ሦስተኛው «የሚበጀውን የማያውቅ» ነው ተብሎ የሚነገርለት ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእርግጥ የሚታዩ ጉድለቶች ናቸው፤ ሊሞሉም ይችላሉ። ሦስተኛው ግን ስለ ሰውየው ሌላ ሰው የሰጠው ፍርድ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። በክርክር ላይ ግን ሦስቱም እየተደባለቁ፣ ፊደል ያልቈጠረ ሁሉ የሚበጀውን እንደማያውቅ ተደርጎ ይቀርባል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

1ኛ፤ «እስኪያውቅ ይቈይ» የሚለው ሐሳብ

ይህ ሐሳብ በአገራችን ከአነጋገር አልፎ በሕግ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በሐምሌ 1923 ዓ. ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው በመኳንንቱና በሹማምቱ እንዲመረጡ ተደነገገ።

በዘመኑ ሁኔታ ሲታይ ድንጋጌው እንግዳ አልነበረም። ለአርቃቂው አርአያ የሆነው የጃፓን ሕገ መንግሥት ራሱ በወጣ ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1890 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የሰጡት ከሕዝቡ ከመቶ አንድ የሚያህሉት ግብር ከፋዮች ብቻ ነበሩ። ቢሆንም በድንጋጌው ውስጥ ሦስት ቀዳዳዎች ይታዩናል። አንደኛ፣ ሕዝቡ መቼ «እንደቻለ» የሚለካበት መለኪያ አልተነገረም። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ መምረጥን የሚማርበት መንገድ አልተዘጋጀም። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ቻለ ብለው የሚመሰክሩት፣ እስከዚያው ድረስ በእርሱ ቦታ የሚመርጡት ሹማምት ናቸው። ተማሪው ፈተናውን ቢያልፍ ወንበሩን የሚያጣ መምህር ፈታኝ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ተማሪው በቶሎ ያልፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

«ለጊዜው» የተባለው፣ የጠላት ወረራ ዘመን ተጨምሮበት፣ 26 ዓመት ቈየ። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆኑ ወንዶችና ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ የመጀመሪያውም ጠቅላላ ምርጫ በ1950 ዓ. ም. መጀመሪያ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ «ዐወቀ» እንዳይባል፣ አብዛኛው አሁንም ፊደል አልቈጠረም ነበር። እንግዲህ ተለወጠ የምንለው የሰጪው ፈቃድ እንጂ የተቀባዩ ዕውቀት አይደለም።

ሆኖም ያ ያልተማረ የተባለ መራጭ ምን አደረገ? በዚያው በመጀመሪያው ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። መኳንንቱና ሹማምቱ በመረጡባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንዲት ሴት እንኳ ለእንደራሴነት አልበቃችም ነበር። አንድ ምሳሌ ሁሉን አያስረዳም፤ ነገር ግን «ያላወቀ መራጭ ዐዋቂን አይመርጥም» የሚለውን አባባል ለማናወጥ ይበቃል።

የዚያ ዘመን ምርጫ ጉድለት በሌላ በኩል ነበር። ለመወዳደር በምርጫው ክልል ንብረት ያለው መሆን ይጠየቅ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ደግሞ አልነበረም። ጭሰኛው ድምፅ ሰጠ፤ ግን የሚመርጠው ከባለ ንብረቶች መካከል ሆነ፤ ከእነርሱም ማንኛው ስለ ጭሰኛ ምን እንደሚያስብ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። በዚህም ምክንያት የጭሰኛንና የባለ ርስትን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው የሕግ ረቂቅ በምክር ቤቱ ሲጓተት ኖሮ፣ ሳይጸድቅ የ1966 ዓ. ም. አብዮት ደረሰበት። ጭሰኛው ችግሩን ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? አይደለም። ችግሩን ያውቅ ነበር፤ የምርጫው ወረቀት ግን ስለዚያ ችግር አልጠየቀውም።

2ኛ፤ ለተማረው ሰው ብልጫ እንስጥ የሚሉት ሊቃውንት

«ያላወቀ አይምረጥ» የሚለው ሐሳብ የአገራችን መኳንንት ብቻ ሐሳብ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ባሳተመው ስለ እንደራሴያዊ መንግሥት በሚናገረው መጽሐፉ፣ ድምፅ ለሁሉ ይዳረስ፤ ለተማረው ግን ከአንድ በላይ ድምፅ ይሰጠው ሲል ተከራክሯል። በእንግሊዝ አገር እንደ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ያሉ ዩኒቨርስቲዎች ምሩቃን፣ ከሚኖሩበት ክልል ሌላ ለዩኒቨርስቲያቸው ተጨማሪ እንደራሴ ይመርጡ ነበር፤ ይህም የቀረው በ1948 በወጣው ሕግ ነው። በዘመናችን ደግሞ አሜሪካዊው ጄሰን ብሬናን በ2011 ባወጣው መጽሐፉ ጉዳዩን ያላጠና ሰው ከመምረጥ መታቀብ የሞራል ግዴታው እንደ ሆነ ጽፏል፤ በ2016 ደግሞ የዐዋቂዎች አገዛዝ ከዴሞክራሲ ሊሻል እንደሚችል ተከራክሯል።

እኛ የኮሌጅ ተማሪዎች ይህን ሐሳብ ስናነብ ደስ ሊለን ይችላል፤ ተጨማሪውን ድምፅ የምናገኘው እኛ ነንና። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ እኛ ልንጠራጠረው ይገባል። የተማረ ሰው ስለ ሕግና ስለ ኢኮኖሚ ከሌላው የበለጠ ቢያውቅ፣ ስለ ራሱ ጥቅምም እንዲሁ የበለጠ ያውቃል። ዕውቀቱ ለሌላው ጥቅም እንዲውል የሚያስገድደው ነገር ምንድን ነው? ያልተማረው ሰው ድምፅ ከሌለው ምንም የለም።

ፈተናውን ማን ያወጣል የሚለውም ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች መራጩ የንባብ ፈተና እንዲፈተን ይደረግ ነበር። ምክንያቱ መራጩ እንዲያውቅ ነው ይባል እንጂ፣ በተግባር የዋለው ጥቍር ዜጎችን ከምርጫ ለማራቅ ነበር፤ በአንዳንዶቹም ግዛቶች አያቶቹ መራጭ የነበሩ ነጭ ከፈተናው ነጻ ይወጣ ነበር። ይህ የቀረው በ1965 በወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው።

ብሬናን እንደሚለው በፈቃድ መታቀብስ? ይህም ቢሆን የሚያሰናክል ነገር አለው። «ያላወቀ ይቅር» ሲባል የሚቀረው አለማወቁን የሚያውቀው ትሑት ሰው ነው። አለማወቁን የማያውቀው ደፋር ግን ከሁሉ ቀድሞ ይሰለፋል። እንግዲህ ምክሩ በሥራ ላይ ቢውል መራጩን ከማጥራት ይልቅ ድፍረትን ያበዛል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ሰባቱ ዲያቆናት ሲሾሙ የመረጠው ሕዝቡ ነበር፤ ጥበብ የሞላበት መሆን የተጠየቀው ግን ከተመራጩ ነው። የሚያስተዳድረው ሰው ማወቅ አለበት፤ የሚተዳደረው ሰው ግን ድምፅ የሚኖረው ስለሚተዳደር ነው።

3ኛ፤ «ሁሉም ይምረጥ እንጂ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንመለስ። የመራጩ ብዛት ብቻውን ውጤቱን ያሻሽላልን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ሐሳቡን በ1785 በሒሳብ አስቀምጦታል። አንድ ሰው ከሁለት ነገሮች ትክክለኛውን የሚመርጠው ከመቶ 60 ጊዜ ነው እንበል። እንደዚህ ያሉ ሦስት ሰዎች ለየብቻ አስበው በአብላጫ ድምፅ ቢወስኑ፣ ከመቶ 65 ጊዜ ያህል ትክክል ይሆናሉ። ሰዎቹ በበዙ ቍጥር ውሳኔያቸው ወደ እርግጠኛነት እየተጠጋ ይሄዳል።

ነገር ግን ሒሳቡ ሁለት ግዴታዎች አሉት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ከመሳሳት ይልቅ ወደ ትክክል ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ወደ ስሕተት ካዘነበለ ብዛቱ ስሕተቱን ያጸናዋል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ለየብቻቸው የሚያስቡ መሆን አለባቸው። ይህ ሁለተኛው ግዴታ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሚሊዮን ሰዎች የሚያዳምጡት ሬዲዮ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሚሊዮን ድምፅ ቢሰጡም የተናገረው አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የመራጩ ዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ የሚመጣበት በር አንድ መሆኑ ነው።

ታሪካችን ይህንን ያስረዳል። በ1971 ዓ. ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ፊደል አስቈጥሯል፤ የዩኔስኮንም ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ. ም. ሕዝቡ በአዲስ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከተመዘገበው 96 በመቶ ያህሉ እንደ መረጠና 81 በመቶው እንደ ደገፈ በይፋ ተነገረ። እንዲያ ያለ የመራጭ ብዛት በብዙ የሠለጠኑ አገሮች አይገኝም። ነገር ግን የተፈቀደው ፓርቲ አንድ፣ የሚሰማውም ድምፅ አንድ ነበር። መንግሥቱ ከአራት ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው የቆየው፤ በግንቦት 1983 ወደቀ። ፊደሉም ነበር፤ ሰልፉም ነበር፤ ምርጫ ግን አልነበረም።

4ኛ፤ አንድ ሕዝብ፣ ሦስት ምርጫ

ጉድለቱ በመራጩ ላይ ይሁን በምርጫው ላይ ለመለየት የሚበጀው መንገድ፣ መራጩ ሳይለወጥ ምርጫው የተለወጠበትን ጊዜ ማየት ነው። ለዚህም የ1997፣ የ2002ና የ2007 ዓ. ም. ምርጫዎች ይጠቅሙናል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ. ም. ከተደረገው ምርጫ በፊት ፓርቲዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራክረው ነበር፤ ሕዝቡም በየቤቱና በየቡና ቤቱ ሰማ። በውጤቱም በይፋ እንደ ተገለጸው ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ። በአዲስ አበባ ቅንጅት 23ቱን የፌዴራል ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ በውጤቱ ላይ የተነሣው ክርክር ደም እንዳፋሰሰ የሚረሳ አይደለም። ስለ መራጩ ግን ከሆነ፣ ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ ለይቶ እንደ መረጠ ማንም አልካደም።

ከዚያ ወዲያ በ2000 ዓ. ም. የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቍጥር 590፣ በ2001 ዓ. ም. ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ቍጥር 621 እና የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቍጥር 652 ወጡ። በዐዋጅ 621 መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ፤ ስለዚህም መራጩን ያስተምሩ የነበሩ ማኅበራት ሥራቸው ተዳከመ። በ2002 ዓ. ም. ምርጫ ከተመዘገበው መራጭ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ እንደ ሰጠ ተገለጸ። ከ547ቱ ወንበሮች ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወሰዱ፤ ለሌላው የቀረው ሁለት ነበር። በ2007 ዓ. ም. ደግሞ አንድም የተቃዋሚ ተወካይ ምክር ቤቱ አልገባም።

በእነዚህ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ሕዝቡ አላወቀም እንዳይባል ትምህርት ቤቶች በዝተዋል፤ ስልክም በየእጁ ገብቷል። መራጩ አልቀነሰም፤ ዕውቀቱም አልቀነሰም። የቀነሰው መራጩ የሚሰማውና የሚመርጠው ነገር ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ «ካርድ ውሰዱ» እያሉ በአንድ እጅ መቀስቀስና የመራጭ ትምህርትን በሌላ እጅ መዝጋት በአንድ ጊዜ ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው። እንዲህ ያለው ቅስቀሳ ቍጥርን ይሰጣል፤ ዴሞክራሲን ግን አይሰጥም።

5ኛ፤ ከዱከም የሚታየው

የ2007 ዓ. ም. ምርጫ ግንቦት 16 ቀን ተደረገ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ዓ. ም.፣ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በኦሮሚያ ተዳረሰ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማያያዝ የተዘጋጀው የተቀናጀ የልማት ዕቅድ፣ በተለምዶ «ማስተር ፕላን» የተባለው ነበር፤ በ2006 ዓ. ም. ሚያዝያና ግንቦትም ስለዚሁ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ዱከም፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በዕቅዱ ውስጥ የተካተቱ ከተሞች ናቸው። በመጨረሻም በጥር 2008 ዓ. ም. ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። ተቃውሞው ግን በዚያ አላበቃም፤ በመስከረም 2009 ዓ. ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ዓ. ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ።

ይህን ነገር ከጥያቄያችን ጋር እናገናኘው። ዕቅዱን ያወጡት የተማሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ዕቅዱ የሚነካው ገበሬ ደግሞ ካርታ ማንበብ የማይችል ይሆናል። ነገር ግን መሬት ሲወሰድ ካሣው ስንት እንደሚሆን፣ ካሣው ሲያልቅ ልጆቹ በምን እንደሚተዳደሩ፣ ከእርሱ በፊት የተነሣው ጎረቤቱ ወዴት እንደ ወደቀ፣ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። የጎኑን ውጋት የሚያውቀው የሚወጋው ሰው ነው። ዕውቀቱ ነበረ፤ ነገር ግን በግንቦት ወር በምርጫ ሣጥኑ በኩል አላለፈም፤ በኅዳር ወር በመንገድ ላይ ወጣ፤ በዚያም ብዙ ሕይወት ጠፋ። እንግዲህ በዚያ ምርጫ ያላወቀው ማን ነበር? መራጩ ስለ መንግሥት ካላወቀው ይልቅ መንግሥት ስለ መራጩ ያላወቀው በልጦ ተገኘ። ምርጫ ሕዝቡን የሚፈትኑበት ፈተና ብቻ ሳይሆን ገዢው ከሕዝቡ የሚማርበት ትምህርት ቤት ጭምር መሆኑን የምንረዳው ከዚህ ነው።

ሁለተኛም ምሳሌ ከዱከም እንጨምር። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቢሾፍቱ መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ ቻይናውያን ባለሀብቶች ያቋቋሙት ኢስተርን የኢንዱስትሪ ዞን አለ። በ2004 ዓ. ም. ሥራ የጀመረውን የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ የመሳሰሉ ድርጅቶች ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶችን፣ ይልቁንም ሴቶችን፣ ቀጥረዋል። ከእነዚህ አንዲቱን «የፓርቲዎቹን ፕሮግራም ታውቂያለሽ?» ብንላት «አላውቅም» ልትል ትችላለች፤ በዚህም «ያላወቀች» ትባላለች። ነገር ግን ደመወዟ፣ የቤት ኪራይዋና የእንጀራ ዋጋ እንዴት እንደሚቃረኑ ከኢኮኖሚ መምህር ይልቅ ታውቃለች። የማታውቀው፣ በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም እንደ ደነገገ፣ ዐዋጁንም ያወጣው እርሷ የምትመርጠው ምክር ቤት እንደ ሆነ ሊሆን ይችላል። የጎደላት ኑሮዋንና የምርጫ ወረቀቱን የሚያያይዘው ገመድ ነው። ይህን ገመድ ለመስጠት የዓመታት ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

በዚያው ላይ የምርጫ ዐዋጅ ቍጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ያዝዛል። ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ ለሚዘዋወር ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሰው ያልመረጠው ግድ ስለሌለው ነው ከማለት በፊት በሩ ለእርሱ ምን ያህል ክፍት እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። በሰኔ 2013 ዓ. ም. ለተደረገው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የምዝገባው ቀን ተራዝሞ ከ37 ሚሊዮን በላይ መራጭ እንደ ተመዘገበ ተገልጿል። ነገር ግን በኦሮሚያ ሰፊ ደጋፊ ያላቸው ኦነግና ኦፌኮ በምርጫው አልተሳተፉም። የዱከም መራጭ ካርድ ቢወስድም ወረቀቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ጠቦ ነበር።

6ኛ፤ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞና መልሱ

«ይሁን፤ ነገር ግን ያላወቀ ሰው ድምፅ ጉዳት የለውምን?» የሚል ይኖራል። አለው። በአገራችን ሥርዓት በእያንዳንዱ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ስለሚያሸንፍ፣ ጥቂት ድምፅ ወንበሩን ሊያዛውር ይችላል። ያላወቀ ሰው አከራዩ ወይም አለቃው ያዘዘውን ሊመርጥ ይችላል። ኢኮኖሚስቱ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እንዳሳየውም፣ የአንድ ሰው ድምፅ ውጤቱን የሚለውጥበት ዕድል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ሰው ጊዜውን አጥፍቶ ጉዳዩን ባያጠና የሚያስገርም አይደለም። ይህ ለእኛም ለተማርነው የሚሠራ ሐሳብ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ በሽተኛውን ማባረር አይደለም። አውስትራሊያ በ1924 መምረጥን በሕግ ግዴታ አደረገች፤ በ1922 ከ60 በመቶ በታች የነበረው መራጭ በ1925 ከ91 በመቶ በላይ ሆነ። ግድ የሌላቸው አንዳንድ መራጮች የተወዳዳሪዎቹን ስም ከላይ ወደ ታች በተራ ቍጥር እየሰጡ ይሄዱ ስለ ነበር፣ በፊደል ተራ ስሙ የቀደመው ይጠቀም ነበር። አውስትራሊያውያን ግን እነዚያን መራጮች አልከለከሉም፤ በ1984 የስሞቹ ተራ በዕጣ እንዲወጣ አደረጉ። ወረቀቱን አረሙ እንጂ ሰውየውን አልሰረዙም።

ሕንድም በ1951 እና በ1952 የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ስታደርግ ከሕዝቧ ከመቶ ከ80 የሚበልጠው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ለፓርቲዎቹ ምልክት ተሰጥቶ ሕዝቡ በምልክት መረጠ። ያው አብዛኛው ያልተማረ ሕዝብ በ1977፣ ከአስቸኳይ ጊዜ አገዛዝ በኋላ፣ የኢንዲራ ጋንዲን መንግሥት በድምፁ አወረደ። በእኛም አገር በ1997 ዓ. ም. ንብና ሁለት ጣት ማንበብ ለማይችለው ሁሉ የታወቁ ምልክቶች ነበሩ። ምልክት ግን ሰው የወሰነውን እንዲያመለክት ይረዳዋል እንጂ ምን እንደሚወስን አይነግረውም፤ ይህን የሚነግረው ክርክር ነው።

7ኛ፤ መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ባልነው መሠረት ጥያቄው «ያላወቀ ይምረጥን ወይስ ይቅር?» ተብሎ ሲቀርብ አቀራረቡ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን እንገልጻለን። «እስኪያውቅ ይቅር» ያሉት 26 ዓመት ጠብቀው ሕዝቡን አላስተማሩትም። «ሁሉም ይውጣ» ብቻ ያሉት ደግሞ 96 በመቶ አስወጥተው የልቡን አልሰሙትም። ሰው መምረጥን የሚማረው በመምረጥ ነው፤ ነገር ግን የሚማረው ምርጫው አማራጭና ክርክር ያለበት ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰው እንዲመርጥ የሚቀሰቅስ ማንም ቢሆን፣ መንግሥትም፣ ፓርቲም፣ እኛም ተማሪዎች፣ ሦስት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባዋል እንላለን። አንደኛ፣ ካርድ ውሰድ ካለው ሰው ጋር ስለ ኑሮው ጉዳይና ስለ ምክር ቤቱ ሥልጣን ተነጋግሯልን? ሁለተኛ፣ የተቃራኒውንም ወገን ቃል እንዲሰማ በሩን ከፍቶለታልን? ሦስተኛ፣ ሰውየው ሰምቶ «አልመርጥም» ቢል ሳያስፈራራው ይተወዋልን? መምረጥ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መብት ነው፤ ግዴታ አይደለም። ሦስቱንም «አዎን» ብሎ የሚመልስ ቀስቃሽ ያላወቀውን ሰው ቢቀሰቅስ ዴሞክራሲን ይጠቅማል። «አይደለም» የሚል ከሆነ ግን የሚሰበስበው ቍጥር ነው።

በ2011 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1113 የቀድሞውን ዐዋጅ 621 ስለ ሻረ፣ ማኅበራት መራጩን ለማስተማር የነበረባቸው እገዳ ተነሥቷል። ስለዚህ የሕጉን ክልከላ ምክንያት አድርገን ልንቀመጥ አንችልም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ዱከም ከአዲስ አበባ የአንድ አውቶቡስ ጉዞ ናቸው። ፖለቲካልና ሕግ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን በኦሮምኛም በአማርኛም የምክር ቤቱን ሥልጣን፣ የምዝገባውን ደንብና የፓርቲዎቹን ሁሉ ሐሳብ አስረድተው፣ ከዚያም ዝም ብለው የነዋሪውን ንግግር ቢያዳምጡ መልካም ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ ከእነዚህ ሰዎች አለመናገር የተነሣ የቀረው ብዙ ነው። ካለመጠየቃቸው የተነሣ የቀረው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ለዚህም ተጠያቂዎቹ «አላወቀም» የምንል እኛ ነን።